ሱሚ፣ ዝገትና የእናታችን ክፍል

ሞጂ፣ ሴፕቴምበር 9 ቀን 1973

ለተከበሩ ታላቅ ወንድሜ ለጋሼ ቶኩጂ፣

ከሁሉ አስቀድሞ ጤናዎ እንዴት ነው? በሜይ የተሰፋው ደረትዎ ጠገገልዎ? እትዬ ሺዙኖና ልጆቹስ እንደምን ከርመዋል? የአባቶቻችን ጥላ በሄዱበት ይከተልዎ። እዚህ ሞጂ የበጋው ሙቀት አልለቅ ብሎን የወደቡ ውሃ ሳይቀር ላብ ላብ ይሸታል። ቢሆንም ሁላችንም ደኅና ነን። እናታችንም ሰላምታ አቅርቢልኝ ብለዋል።

ዛሬ የምጽፍልዎ ምክር ፈልጌ ነው። እርስዎ በብራዚል በቁንዶ በርበሬው መጋዘን ስንት የዱር ድመት እንዳላመዱ ሲጽፉልን ስለኖሩ፣ ከእርስዎ ሌላ የምጠይቀው ሰው የለኝም።

ባለፈው ሳምንት ከዓሣ ማድረቂያው ዳስ አጠገብ አንዲት ውሻ የማትፈራ ድመት የጭነት መኪና ገጫት። ልጇ ከፍሳሽ ቱቦ ውስጥ ሆና ሁለት ቀን ጮኸች። ሰው ሁሉ እየሰማ ያልፋል፤ እኔም አንድ ቀን ሰምቼ አልፌያለሁ። በማግስቱ ማለፍ አቃተኝ። ጎረቤታችን ጋሽ ኢዋሞቶ፣ ድሮ ጎታች ጀልባ ይነዱ የነበሩት፣ የዓሣ ሣጥን ይዘው አገዙኝ። አውራ ጣቴን እስከ አጥንቱ ነከሰችኝ።

«ሳዋኤ፣ ይቺ ድመት አይደለችም፤ ጥርስ ያበቀለች በርበሬ ናት። መልሰሽ ጣያት» አሉኝ።

«እርስዎን ስንት ዓመት ታግሰን የለም እንዴ?» አልኳቸው። ሳቁና ደረጃውን ሁሉ ሣጥኑን ተሸክመው አወጡልኝ።

ሦስት ወር ቢሆናት ነው። መልኳ ዝናብ የመታው ቆርቆሮ ስለሚመስል ዝገት ብዬ ጠራኋት። ችግሩ ሱሚ ናት። የእናታችንን ድመት መቼም በፎቶግራፍ ያውቋታል፤ አሥራ አንድ ዓመቷ ነው፣ በዚህ ቤት ሌላ እንስሳ አይታ አታውቅም። ሣጥኑን ገና ከደጅ ስታሸተው እንደ እባብ ፉጨት አወጣች። ምን ላድርግ? ቶሎ ይጻፉልኝ።

እህትዎ ሳዋኤ

.

ቶሜ አሱ፣ ሴፕቴምበር 30 ቀን 1973

ለውድ እህቴ ለሳዋኤ፣

ሰላምሽ ይብዛ፣ እጅሽ አይድከም። እኔ ደኅና ነኝ። ሐኪሙ ከባድ ነገር አታንሣ ብሎኛል፤ ሺዙኖ ደግሞ ማንኪያም ከባድ ነው ትላለች።

አንቺ ሴትዮ፣ መጀመሪያ ጣትሽን ለሐኪም አሳዪ። የድመት ንክሻ ከላይ ይድናል፣ ከሥር ይመግላል። ግልገሏንም ለእንስሳት ሐኪም ውሰጂያት፤ የዱር ልጅ ሆዷ ትል ነው፣ ጆሮዋ ቅማል ነው። እስክትጸዳ ከሱሚ ጋር ዕቃ አትጋራ።

ከዚያ አንድ ክፍል ስጫትና በሩን ዝጊ። መደበቂያ የምትሆን ሣጥን፣ ውሃ፣ የአሸዋ ሣጥን አስገቢላት። ምግቧን በየቀኑ በአንድ ሰዓት ስጫት፤ ሰዓቱን ስታውቅ አንቺንም ታውቃለች። ገብተሽ ቁጭ በይ እንጂ አትንኪያት፣ ዓይኗንም ትክ ብለሽ አትዪ። ድመት ትክ ብሎ የሚያያትን የሚበላት ይመስላታል። ካየችሽ ዓይንሽን ቀስ አድርገሽ ጨፍነሽ ግለጪ።

ሱሚን በሚመለከት፣ ሁለቱ ከመተያየታቸው በፊት ይሸታተቱ። ግልገሏ የተኛችበትን ጨርቅ ለሱሚ፣ የሱሚን ለግልገሏ አንጥፊ። ሱሚ ብትፎክርበት አትቆጫት። ቤቱ የእሷ ነው፤ ትፎክር። ምሳቸውን በተዘጋው በር ወዲህና ወዲያ አድርገሽ ስጪያቸው። በመጀመሪያ ራቅ አድርገሽ፣ በየቀኑ አንድ እርምጃ እያስጠጋሽ። አትቸኩዪ። የአንቺን ችኮላ አውቀዋለሁ፤ ልጅ ሳለሽ ዘር ዘርተሽ በማግስቱ ቆፍረሽ ታዪው ነበር።

ለእናታችን ይህን ንገሪያቸው፤ በኤፕሪል እመጣለሁ። የመርከብ ቦታ ይዣለሁ፤ ዘንድሮ ወሬ አይደለም። ደግሞም በሚቀጥለው ደብዳቤሽ ጥግ ላይ በራሳቸው እጅ አንድ መስመር ይጨምሩልኝ። አንድ ቃልም ቢሆን።

ወንድምሽ ቶኩጂ

.

ሞጂ፣ ኦክቶበር 20 ቀን 1973

ለተከበሩ ጋሼ ቶኩጂ፣

እንደምን ሰነበቱ? በጓሮ የካኪ ፍሬው መቅላት ጀምሯል፤ ጠዋት ጠዋት ይበርዳል። ደብዳቤዎ ሲደርሰኝ ደስታዬ ወሰን አልነበረውም።

እንዳሉኝ አደረግሁ። ጣቴን ሐኪሙ ቀደደው፣ ዳነ። ዝገት ለትሉ መድኃኒት ተሰጣት። ከኋላ ባለው፣ ስድስት ምንጣፍ በሚያስነጥፈው ክፍል ዘግቼባት፣ ዘጠኝ ቀን ከቁም ሣጥኑ ጀርባ አልወጣችም። በልታ የምትገባው እኔ ስወጣ ነው። በአሥረኛው ቀን እንድሰፋው የተሰጠኝን የመርከበኛ ኮት ይዤ ገባሁና ጀርባዬን ሰጥቻት ቁልፍ መስፋት ጀመርኩ። ከኋላዬ የሩዝና የዓሣ ሳህኗን ስትልስ ሰማሁ። ጋሼ፣ ትንፋሼን ይዤ አንዱን ቁልፍ ሦስት ጊዜ ሰፋሁት! አሁን ክር ስጎትት መዳፏን ትሰድዳለች። ስዞር ግን የለችም።

ሱሚ ግን አላማረችኝም። ጨርቁን ስታሸት በመጀመሪያው ቀን መታችው፣ በሁለተኛው ዞረችው፤ ይህስ ደግ ነው። ነገር ግን ቀኑን ሙሉ ከክፍሉ በር ፊት ተቀምጣ ትጮኻለች። የቁጣ ጩኸት አይደለም። የደረቀውን ዓሣ፣ ያንን የምትወደውን፣ አትነካውም። ግልገሏ ከመምጣቷ በፊትም ጀምሯት ነበር፤ አሁን ባሰባት። ሥራዬን አስጥላኝ ከእሷ ጋር ስንንቆራጠጥ እንውላለን። አንድ ቦታ መቀመጥ አቅቶኛል።

እናታችን እጃቸው ስለሚንቀጠቀጥ መጻፍ አልቻሉም። የእርስዎን መምጣት ግን... ኤፕሪል ሩቅ አይደለም። በእርግጥ ይመጣሉ አይደል? ምንም ቢሆን እንዳይቀሩ።

እህትዎ ሳዋኤ

.

ቶሜ አሱ፣ ኖቬምበር 9 ቀን 1973

ለእህቴ ለሳዋኤ፣

ጤና ይስጥልኝ። እዚህ ዝናቡ ዘግይቷል፣ መሬቱ አፉን ከፍቷል።

ክር ከጎተተች ተላምዳለች በይ። ረጅም ሸምበቆ ጫፍ ላይ ላባ እሰሪና አጫውቻት፤ እጅሽን ግን መጫወቻ አታድርጊው። በሩን አሁን አንድ ጣት ያህል ከፍተሽ በሽብልቅ ያዢው፤ በክፍተቱ እየተያዩ ይብሉ። አንዷ ምግቧን ትታ ካፈጠጠች መልሰሽ ዝጊ። ሱሚ ከፍ ያለ መሸሻ ያስፈልጋታል፤ መደርደሪያ አስለቅቂላት። ከግልገሏ በፊት ሱሚን መግቢ፣ ከግልገሏ በፊት ሱሚን ዳብሺ። አሮጊት ክብር ትፈልጋለች።

አሁን አንድ ነገር ልጠይቅሽ። ባለ ስድስት ምንጣፉ ክፍል የእናታችን ነው። ግልገሏ እዚያ ከተዘጋባት እናታችን የሚተኙት የት ነው? እናታችን ደግሞ የተዘጋ በር አይወዱም። አባታችን ከወደብ ሳይመለሱ ከቀሩ ወዲህ በክረምትም በሩ መዳፍ ያህል ክፍት ነበር። አንቺም እኔም በብርድ እየተንቀጠቀጥን ያደግነው በዚያ ምክንያት ነው። አሁን ምን ተገኝቶ ፈቀዱ?

ሱሚም ግልገሏ ሳትመጣ መብላት አቁማ ነበር ብለሻል። ታዲያ ከምን የተነሣ?

እጃቸው ቢንቀጠቀጥ ይንቀጠቀጥ። አውራ ጣታቸውን ቀለም ውስጥ ነክረሽ ወረቀቱ ላይ አሳትሚልኝ።

ቶኩጂ

.

ሞጂ፣ ኖቬምበር 29 ቀን 1973

ጋሼ፣

ብርዱ እንዴት አደረገዎ ብዬ ልጽፍ ነበር፤ ለካ እናንተ ዘንድ ሙቀት ነው። ራሴ በቦታው አይደለም።

ጥፋት አጥፍቻለሁ። በጣት ክፍተቱ ስድስት ቀን በሰላም በሉ። በሰባተኛው ቀን እኩለ ቀን ላይ ሱሚ እንደገና ያንን ጩኸቷን ጀመረች፤ እኔም «በይ እንግዲያውስ ግቢ! ግቢና እይው፣ ምን አለ እዚያ?» ብዬ በሩን በርግጄ ከፈትኩት። ጋሽ ኢዋሞቶ መጥረጊያ ሊዋሱ መጥተው ነበርና «ሳዋኤ፣ ተይ!» ሲሉ ሰማኋቸው።

ሱሚ ግልገሏን አላየቻትም። በቀጥታ ገብታ ምንጣፉን፣ ግድግዳውን፣ ቁም ሣጥኑን እያሸተተች ዞረች። የምትፈልገው ሌላ ነገር ነበር። ዝገት ግን ደንግጣ ከጀርባዋ ዘለለችባት። ከዚያ በኋላ የሆነውን በዓይኔ መከተል አልቻልኩም፤ ጸጉር ብቻ ነበር። ዝገት የሙታን መታሰቢያው ላይ ወጣች፣ የዕጣኑ አመድ ተደፋ፣ ሁለቱም ፎቶግራፎች ወድቀው መስታወታቸው ተሰበረ። የሱሚ ጆሮ ተቀደደ። ጋሽ ኢዋሞቶ ብርድ ልብስ ወርውረው ገላገሏቸው።

«በጀልባ ሥራ ሠላሳ ዓመት ኖሬ እንዲህ ያለ ማዕበል አላየሁም» አሉ። ሰውዬው ሊያሥቁኝ ነበር የፈለጉት። እኔ ግን መስታወቱን እየለቀምኩ አለቀስኩ።

አሁን ዝገት ከቁም ሣጥኑ ጀርባ ተመልሳለች። ሱሚ መደርደሪያው ላይ ናት። ሁለቱም እኔን ሲያዩ ፊታቸውን ያዞራሉ። የሁለት ወር ድካም በአንድ ቀትር ገደል ገባ። ምን ላድርግ?

ሳዋኤ

.

ቶሜ አሱ፣ ዲሴምበር 18 ቀን 1973

ሳዋኤ፣

በሩን ዝጊ። አምስት ቀን ምንም አታድርጊ፤ ሁለቱም ይብሉ፣ ይተኙ። የሱሚን ጆሮ በጨው ውሃ እጠቢ። ከዚያ ከጨርቁ ጀምሪ፣ እንደ መጀመሪያው ቀን። አሁን ይፈጥናል፤ አንዴ የተማሩትን አይረሱም። ስትከፍቺ ለጥቂት ደቂቃ ይሁን፤ ሁለቱም ሆዳቸው ሲጠግብ። መጨረሻው ሳይበላሽ ዝጊ።

ሁለት ፎቶግራፍ ወደቀ ብለሻል። እኔ ከቤት ስወጣ መታሰቢያው ላይ የነበረው የአባታችን ብቻ ነው።

ሁለተኛው የማን ነው?

ቶኩጂ

.

ሞጂ፣ ፌብሩዋሪ 4 ቀን 1974

ለተከበሩ ታላቅ ወንድሜ፣

ደብዳቤዎ የደረሰኝ በአዲሱ ዓመት ሁለተኛ ቀን ነው። ከዚያ ወዲህ አሥራ አንድ ጊዜ ጽፌ ቀድጃለሁ። ዛሬ ግን ሳላነብበው አሽገዋለሁ።

እናታችን አርፈዋል። ያረፉት ባለፈው ጁን 14 ቀን ነው። እርስዎ ቀዶ ጥገና ከተደረገልዎ አንድ ወር አልሞላዎትም ነበር። እትዬ ሺዙኖ ቀደም ብላ «ሐኪሙ ድንጋጤ ይገድለዋል ብሏል፤ ክፉ ወሬ ካለ ለእኔ እንኳ አትጻፊ፣ ፊቴ ያሳብቅብኛል» ብላ ጽፋልኝ ስለነበር ዝም አልኩ። በእሷ አይፍረዱ። የሐዘኑ አርባ ዘጠነኛ ቀን ሲወጣ እነግርዎታለሁ አልኩ። በኦገስት ደግሞ ዳነልኝ ብላ ጻፈች። ከዚያ ወዲህ ያለው ውሸት የራሴ ብቻ ነው።

ለምን እንደሆነ ልንገርዎ። እናታችን በሕይወት ያሉ ከመሰለዎት ይመጣሉ። ካወቁ ግን፣ ለማን ብለው ይመጣሉ? ለእኔ ብለው አሥራ ስድስት ዓመት ያልተሻገሩትን ባሕር ይሻገራሉ? ይህን አሰብኩ። አሳፋሪ ሐሳብ ነው፤ አሰብኩት ግን። ወደብ ደርሰው እኔን ብቻ ሲያዩ ምን እንደምልዎ አንድም ቀን አላሰብኩም። ቤቱ ጸጥ አለብኝ፣ ጋሼ። ድመቷም በፍሳሹ ስትጮኽ ያነሣኋት ለጽድቅ እንዳይመስልዎ።

ሱሚ በር ላይ የምትጮኸው እናታችንን ብላ ነው። እርስዎ ይህን ሳይገምቱት አልቀሩም።

እንዳሉኝ እንደገና ጀምሬ፣ በበሩ ወዲህና ወዲያ እያበላሁ፣ አሁን በቀን ሩብ ሰዓት አብረው ይቀመጣሉ። አይዋደዱም። ሱሚ ግን መብላት ጀምራለች።

የመርከቡን ቦታ ይሰርዙት። ወይም አይሰርዙት። እርስዎ ያውቃሉ።

የበደለችዎ እህትዎ ሳዋኤ

.

ቶሜ አሱ፣ ማርች 1 ቀን 1974

ሳዋኤ፣

ደብዳቤሽን ይዤ ማሳው ዳር ተቀመጥኩ። ሺዙኖ እስክትፈልገኝ ድረስ አልተነሣሁም። በጣም ተቆጥቻለሁ። ስምንት ወር ሙሉ ለሞቱ እናቴ ሰላምታ ስልክ ኖሬያለሁ፤ አንቺም እየመለስሽልኝ! በመጀመሪያው ቀን ልጽፍ የነበረውን ብጽፍልሽ ከእንግዲህ እህትና ወንድም አንሆንም ነበር። ስለዚህ ዘጠኝ ቀን ቆየሁ።

አሁን የእኔን ስሚ።

የተዘጋውን በር ስታነሺ ጠረጠርኩ፤ ፎቶግራፎቹን ስታነሺ አወቅሁ። የጠየቅሁሽ አንቺ እንድትዪው ነው።

የመርከብ ቦታ የለኝም። ኖሮኝም አያውቅም። ቁንዶ በርበሬው ከሥሩ እየበሰበሰ ካለቀ አራት ዓመት ሆነው። አሁን የምኖረው በሰው ማሳ ነው፤ የራሴ መጋዘን ያልኩሽም የራሴ አይደለም። ድመቶቹ ብቻ እውነት ናቸው። በየዓመቱ «በሚቀጥለው ኤፕሪል» ብዬ የምጽፈው፣ እናታችን ያንን ተስፋ ይዘው አንድ ዓመት ይጨምራሉ ብዬ ነበር። እያወቅሁ ዋሸሁ። ሐኪሙም በባሕር እንዳልጓዝ ከልክሎኛል። እንግዲህ አንቺ እኔን ለማስመጣት ዋሸሽ፣ እኔ የማልመጣው ሰውዬ እመጣለሁ እያልኩ ዋሸሁ። ማን ማንን ይውቀስ? እኔ ብወቅስሽ አፌ ይጣመማል።

አንድ ነገር ብቻ እለምንሻለሁ። እንዴት እንዳረፉ ጻፊልኝ። አታሳጥሪው፣ አታሳምሪው። ስሜን ጠርተው ነበር?

ወንድምሽ ቶኩጂ

.

ሞጂ፣ ማርች 24 ቀን 1974

ለወንድሜ ለጋሼ ቶኩጂ፣

ያለ ሰላምታ ልጀምር፤ ይቅር ይበሉኝ።

ጁን 14 ቀን ጠዋት ዝናብ ነበር። ጋሽ ኢዋሞቶ ከጓሯቸው ቢጫ ቢጫ የቢዋ ፍሬ አምጥተውልን ነበር። ላጥኩና አንዱን ለእናታችን አጎረስኳቸው። ከውስጡ ያለውን ዘር አላወጣሁትም ነበር። «ልታንቂኝ ነው? በዚህ ዕድሜሽ ፍራፍሬ መላጥ አልቻልሽም?» ብለው ተቆጡኝ። እኔም «እንግዲያውስ ራስዎ ይላጡት» አልኳቸው። ሳህኑን ከአጠገባቸው አስቀመጥኩ። ሱሚ እግራቸው ላይ ተኝታ ነበር።

እኩለ ቀን ላይ የሚወሰድ የመርከበኛ ልብስ ነበረብኝ። ወደ ፊተኛው ክፍል ሄጄ የስፌት መኪናውን መርገጥ ጀመርኩ። በሩ እንደ ወትሮው መዳፍ ያህል ክፍት ነበር። ሁለት እጅጌ ሰፋሁ። የመኪናው ድምፅ ምን ያህል እንደሆነ ያውቃሉ፤ ልጅ ሳሉ ጆሮዎን ይይዙ ነበር። ሻይ ላመጣላቸው ስገባ አርፈው ነበር። ሁለት ፍሬ ልጠው በልተዋል፤ ልጣጩ በሥርዓት ሳህኑ ዳር ተደርድሯል። ሱሚ ካለችበት አልተነቃነቀችም።

ስምዎን አልጠሩም፣ ጋሼ። ጠርተዋል ብዬ ብጽፍልዎ ደስ እንደሚልዎ አውቃለሁ፤ እጄም ሊጽፈው ቃጥቶት ነበር። የእኔንም ስም አልሰማሁም። ጠርተውኝ መኪናው ውጦት እንደሆነ ደግሞ አላውቅም። ስምንት ወር አፌን የያዘው ይህኛውም ነው። ለማንም ነግሬ አላውቅም።

እንዳይመጡ። ደረትዎን ይጠብቁ። ይልቅ የእውነቱን ይጻፉልኝ፤ በየትኛው ቤት እንደሚኖሩ፣ ማሳው የማን እንደሆነ፣ ምን እንደሚበሉ። እኔም እንዲሁ እጽፋለሁ።

ባለፈው ሳምንት ጋሽ ኢዋሞቶ «ብቻሽን ከፊት ክፍል ምን ትሠሪያለሽ?» ብለው የስፌት መኪናውን ገፍተው ወደ እናታችን ክፍል አስገቡልኝ። ዛሬ ለመጀመሪያ ጊዜ እዚያ ሰፋሁ። ዝገት መንኮራኩሩ ሲዞር ልትይዘው እየዘለለች ክሬን ሦስት ጊዜ በጠሰችው። ሱሚ ከመደርደሪያው ወርዳ አናቷን ላሰቻት፤ ወዲያው ደግሞ በጥፊ አጮለቻት። አሁን ሁለቱም ምንጣፉ ላይ ናቸው፤ በመካከላቸው አንድ ክንድ ያህል አለ። መኪናውን ስረግጥ ሱሚ ጆሮዋን ትጥላለች፣ ጩኸቱን አትወደውም። ግን አልወጣችም።

እህትዎ ሳዋኤ